ከጎረምሳ ልጅ ጋር የትኛውን ተከታታይ እንይ? መጀመሪያ ወላጆቹን እዩ

ክረምት ገባ። ትምህርት ቤት ተዘጋ። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል፣ መብራቱ ደግሞ ሰዓቱን ሳይጠብቅ ይሄዳል። የእህቴ ልጆች እንደ ወትሮው እኔ ጋ ናቸው፤ አራት ኪሎ፣ ሁለት ክፍል ቤት፣ አንድ ቴሌቪዥን። ሴቷ 15 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ 13። እናታቸው ማታ ማታ ትደውልና «ምን ሲያዩ ዋሉ?» ትለኛለች። «ፊልም» እላታለሁ። «ምን ዓይነት ፊልም?» ስትል ነው ጣጣው የሚጀምረው።

«የታዳጊዎች ድራማ» በሚባለው ነገር ውስጥ የሌለ የለም። አባቷ የሞተባት ልጅ ከሐዘኗ ጋር የምትታገልበትም፣ ሠላሳ ዓመት የሚጠጋቸው ተዋናዮች ዩኒፎርም ለብሰው መዋኛ ዳር የሚሳሳሙበትም እኩል «ለታዳጊ» ተብሎ ነው የሚቀርበው። እኛ ሦስት ክረምት ሙሉ ብዙ ጀምረን ብዙ ጥለናል፣ ጥቂቱን ደግሞ ጨርሰን አልቅሰናል። ከነዚህ ውስጥ የትኛውን ለየትኛው ልጅ እንደምመርጥ ልንገራችሁ። ሃያሲ አይደለሁም። ሶፋው ላይ መሃል የምቀመጠው፣ የሚያሳፍር ነገር ሲመጣ ሪሞቱን በዳበሳ የምፈልገው እኔ ነኝ፣ ያ ነው ብቃቴ።

አብዛኛው ሰው ሲመርጥ ልጆቹን ነው የሚያየው። ማን ቆንጆ ነው፣ ማንን ፎንቃ ያዘው፣ አለባበሳቸው እንዴት ነው። እኔም እንደዛ ነበርኩ። አሁን ግን የማየው ወላጆቹን ነው። ጎረምሳ «እኔ ማነኝ?» ብሎ የሚጠይቀው ብቻውን ተራራ ላይ ወጥቶ አይደለማ። እራት ላይ ነው፣ ከአንድ ሰው ጋር እየተጣላ። ያ ሰው በደንብ ካልተጻፈ፣ ልጁ የሚጣላው ከግድግዳ ጋር ነው፣ ድራማውም ከፓርቲ ወደ ፓርቲ ሲዘል ያልቃል።

ስለዚህ ፈተናዬ ቀላል ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች እዩ። ወላጆቹ ልጆቹ በሌሉበት የሚያወሩበት ቦታ አለ? ስለ ገንዘብ፣ ስለ ገዛ እናታቸው፣ ስለሚፈሩት ነገር? ካለ ቀጥሉ። ወላጆቹ ብቅ የሚሉት ሊጮኹ ወይም የመኪና ቁልፍ ሊሰጡ ብቻ ከሆነ፣ ልጁ ብቻውን በስልኩ ይየው፣ እናንተ ቡናችሁን አፍሉ።

ሰፈሩን ላጣ ልጅ

ከሁሉም የማስቀድመው የኮሪያውን «ሪፕላይ 1988»ን ነው። ከ2015 መጨረሻ እስከ 2016 መጀመሪያ (ለውጭዎቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የተላለፈ፣ 20 ክፍል ያለው ነው። ሶል ከተማ ውስጥ ሳንግሙን ዶንግ በሚባል ሰፈር፣ በአንድ ጠባብ መንገድ ዳር፣ አምስት አብሮ አደጎች አሉ። አራት ወንድ፣ አንድ ሴት። ሴቷ ዶክሱን ትባላለች። በትልቅ እህትና በትንሽ ወንድም መሃል የተጣበቀች መካከለኛ ልጅ።

የመጀመሪያው ክፍል ላይ አንዲት እናት የሠራችውን ምግብ በሳህን አድርጋ ልጇን ጎረቤት ትልካለች። ጎረቤት ሳህኑን ባዶውን መመለስ ስለሚያሳፍራት የራሷን ትሞላበታለች። ያኛውም ቤት እንደዚያው። ልጆቹ ሳህን ተሸክመው መንገዱን ሲያቋርጡ፣ ሲተላለፉ፣ ሲማረሩ ታያላችሁ። የእህቴ ልጅ ይህን ስታይ ስልኳን አስቀመጠች። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ስልኳን የምታስቀምጠው ስትተኛ ብቻ ነው፣ ያውም ትራሷ ሥር።

ነገሩ ገብቶኛል። እነሱ የፒያሳ ልጆች ነበሩ። ዶሮ ማነቂያ አካባቢ፣ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ስድስት ቤተሰብ በአንድ የውሃ ቧንቧ። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፣ አራተኛ ፎቅ። ቤቱ ከድሮው ይሻላል፣ ይሄን ማንም አይክድም፣ ሽንት ቤቱ እቤት ውስጥ ነው። ግን ልጅቷ አንድ ዓመት ሙሉ የጎረቤቶቿን ስም አታውቅም ነበር። «ደረጃው ላይ ሰላም እንባባላለን» ነበር የምትለኝ።

የወላጆቹን ፈተና ደግሞ ይሄ ድራማ በአንደኛ ማዕረግ ነው የሚያልፈው። የዶክሱን አባት ባንክ ቤት እየሠራ ምድር ቤት የሚኖረው ለጓደኛው የብድር ዋስ ሆኖ ዕዳው እሱ ላይ ስለወደቀ ነው። (ለሰው ዋስ ሆኖ የተቃጠለ ዘመድ የሌለው አንባቢ ካለ እጁን ያውጣ።) ዶክሱን በየዓመቱ ልደቷ ከታላቅ እህቷ ጋር ተደርቦ ይከበራል፣ የእህቷ ቀን ስለሚቀድም። አንድ ቀን ይበቃታል፣ ትፈነዳለች፤ እንቁላሉም ለእነሱ፣ የዶሮው እግርም ለእነሱ፣ እኔስ? ከዚያ አባቷ ለብቻዋ ትንሽ ኬክ ገዝቶ መንገድ ላይ ይጠብቃታል። እኔም አባት ስሆን የመጀመሪያዬ ነው፣ ተወልጄ አባት አልነበርኩም፣ ይቅር በይኝ ዓይነት ነገር ይላታል። እዚህ ጋ ሶፋው ላይ ማንም ማንን አላየም። ሁላችንም መስኮት መስኮት እያየን ነበር።

ሌሎቹም ቤቶች እንደዚሁ የራሳቸው ጉድ አላቸው። ባሏ የሞተባት እናት አለች። ሚስቱ የሞተችበትና ትንፍሽ የማይል ሰዓት ሠሪ አባት አለ፣ ልጁ ደግሞ በባዱክ (በጥቁርና ነጭ ጠጠር የሚጫወቱት የሰሌዳ ጨዋታ ነው) አገር ያወቀው፣ ግን ጫማውን እንኳ በቅጡ ማሰር የሚያቅተው ልጅ። ሎተሪ ወጥቶላቸው በአንድ ቀን የሰፈሩ ሀብታም የሆኑም አሉ። ቤተሰቡ ሙሉ ሆኖ ሳለ እናቱ በሥራ ምክንያት ቤት የማትገኝበት ልጅም አለ። ማንነት፣ ቤተሰብ፣ የኔ የሚሉት ቦታ ማግኘት፣ ሦስቱም በአንድ ሳህን ወጥ ውስጥ ናቸው።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ዶክሱን በ1988ቱ የሶል ኦሎምፒክ የማዳጋስካርን ሰሌዳ ይዛ ሰልፉን እንድትመራ ተመርጣ ስትለማመድ ከርማ፣ ማዳጋስካር ሳትመጣ ትቀራለች። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን «እኛስ መጥተን ነበር?» አልኳቸው። ኢትዮጵያም ያንን ኦሎምፒክ ከሰሜን ኮሪያና ከኩባ ጋር ወግና አልተሳተፈችም። አላመኑኝም፣ ጎግል አደረጉ።

ጉድለቱስ? ረጅም ነው። አንዱ ክፍል አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ አንዳንዱም ከዚያ ያልፋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ክፍሎች ለ13 ዓመት ወንድ ልጅ እንደ ጾም ናቸው። የእህቴ ልጅ ትንሹ ሦስተኛው ላይ ተነስቶ ኳስ ሊጫወት ወጣ፣ አምስተኛው ላይ ተመለሰ። ስማቸውን ለመያዝም ጊዜ ይወስዳል። እኛ ስም ስላቃተን «ሰዓት ሠሪው»፣ «ሎተሪው»፣ «ባለ ጉልበቷ እህት» እያልን ነው የጨረስነው። መጨረሻው ላይ ያ ሰፈር ለመልሶ ማልማት ባዶውን ይቀራል፣ ቤተሰቦቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ደስታ ላበላሽባችሁ አይደለም። ልጃችሁ ሰፈሩ በቅርብ ከፈረሰበት አብራችሁት እዩት ለማለት ነው። ብቻውን እንዲያየው አትተዉት።

«አንቺ ፈረንጅ ሆነሻል» ለተባለች ልጅ

አምና ከቨርጂኒያ የመጣች የአጎቴ ልጅ ልጅ ነበረችን። 16 ዓመቷ። አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው። ዘመድ ሁሉ እየመጣ «ኧረ ይቺ ፈረንጅ ሆናለች» ይላል፣ ፊት ለፊቷ፣ እንደማትሰማ። እዚያ ደግሞ ክፍል ውስጥ «ከየት ነሽ?» ትባላለች። ለሷ የመረጥኩት «ኔቨር ሃቭ አይ ኤቨር»ን ነው። ከ2020 እስከ 2023፣ 4 ሲዝን፣ እያንዳንዱ 10 ክፍል፣ አንዱ ክፍል ግማሽ ሰዓት ገደማ። መብራት ቢሄድ እንኳ በላፕቶፕ ባትሪ ሦስት ክፍል ይሄዳል።

ዴቪ የምትባል የህንድ ታሚል ዝርያ ያላት አሜሪካዊት ልጅ ናት። አባቷ የትምህርት ቤት ኮንሰርቷን ሊያይ በመጣበት በልብ ድካም ይሞታል። እግሯ ከድንጋጤው የተነሳ ለወራት አልታዘዝ ይላታል። ከዚያ ተነስታ መሄድ ስትጀምር ስለ ሐዘኑ ማሰብ አትፈልግም፣ የምትፈልገው ቆንጆ ወንድ ልጅ ነው። ድራማው አስቂኝ ነው፣ ተራኪው ደግሞ የቀድሞው የቴኒስ ተጫዋች ጆን ማክኤንሮ። አባቷ ይወደው ስለነበር ነው እሱ የሆነው፣ ይሄ እየቆየ ሲገባችሁ ሳቁ ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

እናትየው ናሊኒ የቆዳ ሐኪም ናት። ኮስታራ። መጀመሪያ ላይ ከእኛ እናቶች የማትለይ ጩኸታም ትመስላለች፣ ግን እሷም ባሏን ነው ያጣችው፣ ሰው አገር ብቻዋን ልጅ እያሳደገች ነው፣ ወደ ህንድ እንመለስ ይሆን ብላ ታስባለች፣ በሁለተኛው ሲዝን ደግሞ የባሏ እናት አብራቸው ልትኖር ትመጣለች። አንድ ቀን ዴቪ በንዴት በአባቴ ፋንታ አንቺ በሞትሽ ትላታለች። እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ቤት ቢባል ምን እንደሚከተል ታውቃላችሁ። እዚያ የሚከተለው ዝምታ ነው፣ ከጥፊ የሚብስ።

የቨርጂኒያዋ ልጅ ግን ያቆመችው ሌላ ቦታ ላይ ነው። የመጀመሪያው ሲዝን አራተኛ ክፍል ላይ የህንዶቹ ማኅበረሰብ የጋኔሽ የሚባለውን የሂንዱ አምላክ በዓል ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ያከብራል። አክስቶች በልብስ ይተማማሉ፣ ዴቪ በዓሉ ሼም ይሆንባታል፣ አንድ የሚያውቃት ልጅ ደግሞ ኮሌጅ ገብቶ ህንዳዊነቱን ሊወደው ጀምሯል። ልጅቷ ፖዝ አደረገችና «ይሄ እኮ የኛ እንቁጣጣሽ ነው» አለች። በአማርኛ ነው ያለችው።

ጉድለት፦ ስለ ወሲብ ወሬው ብዙ ነው። የሚታየው ጥቂት፣ የሚወራው ግን ለ13 ዓመት ልጅ ይበዛል። እኔ ትንሹን አስወጥቼ ነው ያየሁት፣ በእርግጥ በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማ ነበር። ሌላው ደግሞ ሦስተኛው ሲዝን ላይ ወንዶች ይበዙና ናሊኒ ታንሳለች፣ እዚያ ጋ ትንሽ ደብሮኛል። አራተኛው ያካክሰዋል።

እንግዲህ እነዚህን ሁለቱን ለማወዳደር ያህል፦ የኮሪያው «የት ነው ቤቴ?» ለሚል ልጅ ነው፣ የአሜሪካው «ለየትኛው ነው የምበቃው?» ለሚል። ልጃችሁ የትኛውን እንደሚጠይቅ ካላወቃችሁ የሚናደድበትን ነገር ተመልከቱ። እናቱ ሰው ፊት ስታወራ የሚሸማቀቅ ከሆነ ዴቪ ትሻለዋለች። ድሮ ፎቶ እያየ ዝም የሚል ከሆነ ዶክሱን።

የማን ልጅ ነኝ?

ልጅ ሆኜ እናቴ ስትቆጣኝ «አንቺን እኮ ቀበና ወንዝ ዳር ነው ያገኘንሽ» ትለኝ ነበር። ለቀልድ ነው፣ ግን ሌሊት እያሰብኩት እንቅልፍ አጥቼ አውቃለሁ። በዚህ ጥያቄ ላይ የተሠሩ ሁለት ድራማዎች አሉ፣ ሰው ሁልጊዜ የትኛው ይሻላል ይለኛል።

የመጀመሪያው የደቡብ አፍሪካው «ብላድ ኤንድ ዎተር» ነው፣ በ2020 የጀመረ፣ 4 ሲዝን ያለው። ፑሌንግ የምትባል ልጅ አለች። ታላቅ እህቷ ገና እንደተወለደች ተሰርቃለች። ቤተሰቡ የጠፋችውን ልጅ ልደት በየዓመቱ ያከብራል፣ ፑሌንግ ደግሞ በማታውቃት እህቷ ጥላ ሥር መኖር መሯታል። አንድ ፓርቲ ላይ ፊኪሌ የምትባል የሀብታም ልጅ ታገኛለች፣ እህቴ ብትሆንስ ብላ ትምህርት ቤቷን ቀይራ ትከተላታለች። የታሪኩ መነሻ በ1997 ኬፕታውን ውስጥ ከሆስፒታል የተሰረቀችና ከዓመታት በኋላ የተገኘች ሕፃን እውነተኛ ታሪክ ነው።

ሁለተኛው አሜሪካዊው «ስዊችድ አት በርዝ»፣ ከ2011 እስከ 2017። ቤይ ትምህርት ቤት ውስጥ የደም ዓይነቷን ስትመረምር ከወላጆቿ ጋር እንደማይሄድ ታያለች። ለካ ሆስፒታል ውስጥ ከሌላ ሕፃን ጋር ተቀያይራ ኖሯል። ሌላዋ ልጅ ዳፍኒ በልጅነቷ ማጅራት ገትር ይዟት መስማት የተሳናት ናት፣ ያደገችውም ፀጉር ሠሪ ከሆነች እናት ጋር፣ በጣም ባልተደላደለ ቤት። ቤይ ደግሞ የሀብታም ቤት ልጅ። ከዚያ ሁለቱ ቤተሰቦች አንድ ግቢ ውስጥ መኖር ይጀምራሉ።

ልዩነቱ እዚህ ነው። የደቡብ አፍሪካው ጥያቄውን እንደ መርማሪ ይዞ ይሮጣል፣ ማን ሰረቃት፣ ማን ያውቃል፣ ማን ይዋሻል። ይስባል፣ አንዴ ከጀመራችሁ ሌሊቱን ትጨርሳላችሁ። የተዋናዮቹ ፊት፣ የትምህርት ቤቱ ፉክክር፣ እንግሊዝኛውን ከአገራቸው ቋንቋ ጋር እየቀላቀሉ ማውራታቸው፣ ከሆሊዉድ ይልቅ ለእኛ ቅርብ ነው። ግን ሩጫው ላይ ወላጆቹ ወደ ኋላ ይቀራሉ። የመጀመሪያው ክፍል ላይ እናትየዋ በባዶ ወንበር ልደት ስታከብር ያለውን ሕመም ቆም ብሎ እንዲያየው እፈልግ ነበር፣ ይልቅ ወደ ፓርቲው ይሮጣል። መጠጥም፣ ዕፅም፣ አልጋም አለበት። ከ16 በታች አላሳይም።

የአሜሪካው ቀስ ይላል። 103 ክፍል ነው፣ መሃሉ ላይ የሚሰለች ቦታ አለው፣ ሁለት ሲዝን ቢቀንስ ማንም አይቀየምም። ግን ሁለት እናቶች አንድ ኩሽና ውስጥ ቆመው «የወለድኳት ያንቺ ናት፣ ያሳደግሻት የኔ ናት» በሚል ዓይን ሲተያዩ፣ ከዚህ የሚበልጥ የወላጅ ትዕይንት የትኛውም የታዳጊ ድራማ ውስጥ አላየሁም። በዚያ ላይ ብዙው ንግግር በምልክት ቋንቋ ነው። በ2013 አንድ ክፍል ከሞላ ጎደል ሙሉውን በአሜሪካ ምልክት ቋንቋ ሠርተውታል። ያን ቀን ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበው ስለነበር ድምፅ አንሰማም ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልጎደለብንም።

የኔ ምርጫ? ልጁ 14 ከሆነና በማደጎ ያደገ፣ ወይም አክስት ቤት፣ አያት ቤት ያደገ ከሆነ ሁለተኛው። ከ16 በላይ ሆኖ «አሪፍ ነገር ካልሆነ አላይም» የሚል ከሆነ የመጀመሪያው። የአካል ጉዳት ያለበት ልጅ ቤት ውስጥ ካለማ ሁለተኛው ነው፣ ማሰብም አያስፈልግም።

ባጭሩ የማልፋቸው

«አን ዊዝ አን ኢ» የካናዳ ነው፣ 27 ክፍል፣ ከ2017 እስከ 2019። ወንድ ልጅ ለእርሻ ሥራ እንዲላክላቸው የጠየቁ እህትና ወንድም፣ ሁለቱም ያላገቡ፣ በስህተት ሴት ልጅ ይላክላቸዋል። አሳዳጊዎቹ ሽማግሌዎች በጣም ያምራሉ። ለ12 እና ለ13 ዓመት ልጅ ከሁሉም በፊት ይሄን እመርጣለሁ። አንድ የሚያናድድ ነገር አለው። ሦስተኛው ሲዝን ላይ ከቤተሰቧ ተለይታ አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ የተዘጋባት የአገሬው ተወላጅ ልጅ ታሪክ ሳይቋጭ ድራማው ተቋረጠ። የእህቴ ልጅ እስከ ዛሬ «ምን ሆነች?» ትለኛለች።

«ጊልሞር ገርልስ» ከ2000 እስከ 2007። በ16 ዓመቷ የወለደች እናትና ልጇ። የልጇን ትምህርት ቤት ክፍያ ለመበደር ስትል ከተኳረፈቻቸው ወላጆቿ ጋር ዓርብ ዓርብ እራት ለመብላት ትስማማለች። ያ የእራት ጠረጴዛ ወርቅ ነው። ግን ንግግሩ ጥይት ነው፣ ሰብታይትል አንብባችሁ ሳትጨርሱ ሌላ ቀልድ ያልፋል። እንግሊዝኛው ጠንካራ ላልሆነ ልጅ ይከብዳል።

«ኦል አሜሪካን» ስፖርት ለሚወድ ወንድ ልጅ ነው። ከድሃ ሰፈር ወጥቶ የሀብታሞቹ ትምህርት ቤት የሚጫወት ልጅ፣ እዚያም እዚህም ባዳ። ጨዋታው የአሜሪካኖቹ ፉትቦል ስለሆነ ትንሹ መጀመሪያ «ይሄማ ኳስ አይደለም» ብሎ ነበር፣ በኋላ ግን የአሰልጣኙና የልጁ ነገር ያዘው። ከሁለተኛው ሲዝን በኋላ እኔ ደከመኝ።

«ዩፎሪያ»ን ልጆች በስም ያውቁታል፣ በየስልኩ ቁርጥራጩ ይዞራል። በደንብ የተሠራ ነው። ለአዋቂ ነው። አለቀ።

የኛዎቹስ?

ይህን ሁሉም ይጠይቀኛል፣ መልሱም ደስ አይልም። የእኛ ተከታታይ ድራማዎች ትልልቅ ሰዎችን፣ ጋብቻን፣ ውርስን፣ ክህደትን በደንብ ያውቃሉ። ጎረምሳ ግን በብዛት የሚገባው ቡና ይዞ ነው፣ ወይም በር ላይ ቆሞ ምስጢር ሊሰማ። ልብ በሉ፣ ይሄ የውጭዎቹ ችግር ተገልብጦ ነው። እዚያ ወላጅ ካርቶን ይሆናል፣ እዚህ ልጁ።

ለየት የሚለው «የኛ» ነው። በ2005 ዓ.ም. በሬዲዮ የጀመረ፣ አምስት ሴት ልጆች ከነሙዚቃቸው የሚተውኑበት፣ በኋላም ወደ ቴሌቪዥን የተሻገረ። ያለዕድሜ ጋብቻን፣ ጥቃትን፣ ትምህርት ማቋረጥን ያነሳል። አንዳንዴ ትምህርቱ ከታሪኩ ቀድሞ ይታያል፣ ልጆች ደግሞ ምክር ከሩቅ ይሸታቸዋል። ቢሆንም የእህቴ ልጅ «እንደኛ ነው የሚያወሩት» አለች። ይሄ ብርቅ ነገር ነው። ቤታችሁ ከገጠር ለትምህርት የመጣች ዘመድ ካለች፣ ከውጭዎቹ በፊት ይሄን።

ቃና በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ያስለመደን በአማርኛ የተመለሰ ድራማም አለ፣ እሱን እንደ ማማረጫ ሳይሆን እንደ ማስታረቂያ እጠቀመዋለሁ። አያት ቤት ውስጥ ካሉ ሰብታይትል አይሠራም። በአማርኛ የሚያወራ የቱርክ አባት ግን ሦስት ትውልድ አንድ ሶፋ ላይ ያስቀምጣል፣ ታዳጊው እንኳ «ውሸት ነው» እያለ ያያል።

ስለማግኘቱ ትንሽ ልበል። ኢንተርኔቱ ለሚችለው በኦንላይኑ ማየት ይሻላል፣ የዕድሜ ገደቡም እዚያው ተጽፎ ይታያል። እኛ ሰፈር ግን ብዙው ሰው ፍላሽ ይዞ ሱቅ ሄዶ ነው የሚያስጭነው። አንዱ ሱቅ የኮሪያውን ሲጭንልኝ 7ኛውን ክፍል ዘሎ 8ኛውን ሁለቴ ሰጠኝ፣ ሰብታይትሉም አሥር ሰከንድ ይቀድም ነበር፣ ሰው ሳይሞት እናለቅሳለን። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት መሃል ላይ አንዱን ከፍታችሁ ሞክሩ። «ትርጉም» የሚባለውን፣ አንድ ሰው ከላይ እየተረከ የሚሄደውን፣ ለድርጊት ፊልም እወደዋለሁ። ለእንዲህ ያለ ድራማ ግን አይሆንም። ዝምታው ሁሉ ይሞላል፣ ያ አባት ኬክ ይዞ ሲቆም ተራኪው ቀልድ ይጨምርበታል።

አብሮ የማየቱንም ነገር ልንገራችሁ፣ ሦስት ክረምት ፈጅቶብኛል። በመሃል «አየሽ? እንዲህ ነው የሚሆነው» አትበሉ። እኔ ብዬ ነበር፣ ልጅቷ ሁለት ቀን ከእኔ ጋር አላየችም። ልጁ ራሱ ካላወራ አታውሩት። ብዙ ጊዜ የሚያወራው በማግሥቱ፣ ዳቦ ልትገዙ አብራችሁ ስትወርዱ ነው። ደግሞ ስለ ራሱ አያወራም። «ያቺ ዶክሱን እኮ አታሳዝንም?» ይላል። «ታሳዝናለች» በሉ፣ ዝም በሉ።

ይሄ ሁሉ ምክር እህቴ ጋ አልሠራም። ልጆቹን ልታይ ቅዳሜ መጣች፣ «ኮሪያ አልወድም፣ መለየት ያቅተኛል» ብላ ወጥ ቤት ገባች፣ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ በሩ ላይ ቢላዋውን ይዛ ቆመች። የሳህኑ ምልልስ ላይ ስትደርስ «የኛ ግቢ» አለች፣ ሌላ ነገር አልጨመረችም። ልጅቷ ፈቀቅ ብላ ቦታ ሰጠቻት። ማታ ወደ ቤቷ ስትሄድ ፍላሹን ይዛ ሄደች፣ ሰኞ ደውላ 7ኛው ክፍል የት ገባ ብላ ቆጣች፣ ዛሬ ደግሞ ያቺ ታላቋ እህት ማንን እንደምታገባ እንዳልነግራት አስጠነቀቀችኝ። እኔና ልጆቹ ፍላሹ እስኪመለስ ቁጭ ብለናል።